ከምልክቱ እስከ አንቴናው

አንትዋን ዳባዲ ምጽዋ ላይ ከመርከብ የወረደው በ1838 መጀመሪያ ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አብሮት የነበረው ታናሽ ወንድሙ አርኖ ከጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ጋር ወዳጅነት ገጥሞ የመሳፍንቱን ዘመቻ ሲከተል፣ አንትዋን ሦስት ነገሮች ላይ ተጠመደ፤ የዓባይን ምንጭ መፈለግ፣ የግዕዝ ብራና መሰብሰብና የአገሩን ተራሮች መለካት። የመጀመሪያው አልቀናውም። የነጭ ዓባይን ምንጭ ከጊቤ ወንዞች ጋር አምታትቶ ለዓመታት ሙግት ገባበት። ሁለተኛው ተሳክቶለት ከ200 በላይ ብራናዎች ወደ ፈረንሳይ ወሰደ። ይህ ትረካ የሚያያዘው ከሦስተኛው ጋር ነው።

ዐሥር ዓመት ያህል ከሰሜን እስከ ደቡብ ምዕራብ ሲዞር ሁለት መሣሪያዎች ከእጁ አይለዩም ነበር። አንደኛው ማዕዘን የሚለካበት ቴዎዶላይት ነው። ከአንድ ጋራ ላይ ቆሞ በዙሪያው የሚታየውን ጫፍ ሁሉ አቅጣጫ ይመዘግባል፤ ስሙንም ከአካባቢው ሰው ጠይቆ ይጽፋል። ሁለተኛው ውሃ የሚፈላበት ትንሽ ዕቃና አንድ ጥሩ ቴርሞሜትር ነው። የከፍታ መለኪያው ይኸው ነበር። ውሃ በባሕር ጠለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ሽቅብ በወጡ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። አዲስ አበባ ባለችበት ከፍታ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ 85 አካባቢ ነው። ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባለሙያ ሴት ይህን ያለ ቴርሞሜትር ታውቀዋለች።

የዘዴው ችግር ከስሌቱ ይታያል። ቴርሞሜትሩ በአንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ከተሳሳተ ከፍታው በ30 ሜትር ይሳሳታል። ደመና ሲጠቁር የአየሩ ግፊት ስለሚወርድ ደግሞ ያው ተራራ በበጋና በክረምት ሁለት ቁመት ይኖረዋል። ዳባዲ ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር። እሱ ብዙም ያልተጨነቀበት፣ በኋላ የመጡትን ሁሉ ያስጨነቀው ሌላ ጉዳይ ነው። የለካቸው ነጥቦች ተፈጥሮ ያቆመቻቸው ነበሩ፤ የተራራ ጫፍ፣ የአምባ ጠርዝ። አምባ ላይ ጫፉ የቱ ነው? መሣሪያው የቆመው በየትኛው ድንጋይ ላይ ነው? ከ1860 እስከ 1873 በሮዶልፍ ራዶ አጋዥነት ያሳተመው ትልቅ የኢትዮጵያ ምድር ልኬት መጽሐፍ በቁጥር የተሞላ ነው። አንባቢው ግን መጽሐፉን ይዞ ወደ ቦታው ቢሄድ፣ ቁጥሩ የየትኛው ጠጠር እንደሆነ የሚነግረው ምልክት አያገኝም።

በ1841 ፌሬና ጋሊኒየር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ራስ ዳሽን ላይ ወጡ፤ አውሮፓዊ ስለመውጣቱ በጽሑፍ የተመዘገበው የመጀመሪያው ይህ ነው። የተራራው ቁመት ግን ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል፤ እንመለስበታለን።

ከአድዋ በኋላ መለካት የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። አፄ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ስለ ሱዳን ወሰን፣ በ1907 ደግሞ ስለ ደቡቡ ወሰን ተዋዋሉ። ቻርልስ ግዊን የሚባለው የእንግሊዝ መሐንዲስ መኮንን ሁለቱም ወሰኖች ላይ ሠርቷል፤ የደቡቡን በ1908 እና በ1909 ነው የዞረው። የወሰን ቀያሽ ከመንገደኛ የሚለየው ድንጋይ ከምሮ መሄዱ ነው። ነጥቡ አሁን የሚታይ አካል አገኘ። ክምር ግን ይፈርሳል፣ እረኛ ይቀመጥበታል፣ የማይወደውም ሰው ሌሊት መጥቶ ያዛውረዋል። ስለዚህ የወሰኑን ዘመን ነገር አላራዝምም፤ ክርክሩ እስከዛሬ ያላለቀበት ቦታ አለና።

የኢትዮጵያን ካርታ ለግማሽ ምዕት ዓመት የተሸከመው ነጥብ የተተከለው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው። በ1879 ዴቪድ ጊል የተባለ ስኮትላንዳዊ የሥነ ፈለክ ሰው በደቡብ አፍሪካ ኬፕ የእንግሊዝ መንግሥት ታዛቢ ሆኖ ተሾመ። የዚህ ሰው ሕልም ከኬፕ እስከ ካይሮ፣ 30ኛውን የምሥራቅ ኬንትሮስ ተከትሎ፣ አንድ ያልተቋረጠ የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት መዘርጋት ነበር። ሰንሰለቱ ቁራጭ በቁራጭ ሲሠራ ጊል አለፈ፤ ቀያሾች ተተካኩ፤ ሁለት የዓለም ጦርነቶችም አለፉ። የመጨረሻው ክፍተት በደቡብ ሱዳንና በኡጋንዳ በኩል የተዘጋው በ1954 ነው፤ የዘጉትም የአሜሪካ ጦር የካርታ ባለሙያዎች ናቸው።

ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ በግብጽና በሱዳን ወሰን አጠገብ፣ በኑብያ ምድር የሚገኘው አዲንዳን ነው። እዚያ ርዝመቱ በጥንቃቄ የተለካ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። የመስመሩ አንድ ጫፍ ኬክሮሱ 22 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ፣ ኬንትሮሱ 31 ዲግሪ ከ29 ደቂቃ ከነሴኮንዱ ተወስኖ፣ የምድር ቅርጽም አሌክሳንደር ክላርክ በ1880 ባወጣው ልክ ይሁን ተብሎ፣ ከዚያ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ልኬት ሁሉ ከሱ እንዲወለድ ተደረገ። ዛሬም የኢትዮጵያ ቀያሽ «አዲንዳን» ሲል መንደሩን ማለቱ አይደለም። የድሮዎቹ ካርታዎች የተመሠረቱበትን መነሻ ማለቱ ነው።

አዲንዳን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዓባይ ሸለቆ በኩል ነው። በ1957 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍና ምድር ልኬት መሥሪያ ቤት ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የጥቁር ዓባይን ተፋሰስ መቀየስ ጀመሩ፤ እስከ 1961 ሠሩ። ዓላማው የወንዙ ውሃ የት ይገደባል፣ የት ያጠጣል የሚለውን ለማጥናት ነበር። ጥናቱ በ1964 በብዙ ጥራዝ ሲወጣ ከተጠቆሙት የግድብ ቦታዎች አንዱ ከሱዳን ወሰን አጠገብ ነበር። ያንን ቦታ ዛሬ የማያውቀው የለም።

መሥሪያ ቤቱ ምልክት የሚተክልበት የራሱ ሥርዓት ነበረው፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው። በአለት ላይ ወይም በኮንክሪት ውስጥ የናስ ክብ ይቀበራል፤ መሐሉ ላይ ነጥብ፣ ዙሪያው ላይ የጣቢያው ስምና ዓመት ይቀረጻል። አፈር ከሆነ ከላይኛው ሥር ሌላ ምልክት ይቀበራል፤ የላዩ ቢነቀል የታቹ ይመሰክራል። ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት ረዳት ምልክቶች ይተከላሉ፤ እያንዳንዳቸው ላይ ወደ ዋናው የሚያመለክት ቀስት አለ። ርቀታቸውና አቅጣጫቸው በመዝገብ ይጻፋል። ስለዚህ ሥሩ ወርቅ አለ ብሎ የሚቆፍር ሰው ዋናውን ቢያወጣው እንኳ፣ መዝገቡን የያዘ ቀያሽ ከረዳቶቹ ተነሥቶ ባዶውን ጉድጓድ በሚሊሜትር ደረጃ ያገኘዋል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ናሱ ሲተከል ግብጽ ውስጥ ሌላ ሥራ ተጀመረ። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ግንባታ በ1960 ተከፈተ፤ ውሃው በ1964 መተኛት ያዘ። የአዲንዳን ኑብያውያን እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ተነሥተው ወደ ኮም ኦምቦ አካባቢ ተወሰዱ፤ መንደራቸው ከሐይቁ ሥር ገባ። ከውሃው አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። የኢትዮጵያ ካርታ መነሻ ስም የተወሰደበትን መንደር የራሷ የኢትዮጵያ ጎርፍ ዋጠው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርታው ግን አልተናጋም። መነሻው አንዴ ቁጥሩን ለጎረቤቶቹ ካወረሰ በኋላ በየተራራው ያሉት ናሶች ሁሉ የሱ ምስክሮች ናቸው፤ አባት ቢሞት ዘር አይጠፋም።

አንድ ነገር ከአዲንዳን አልተወረሰም፤ ከፍታ። ኬክሮስና ኬንትሮስ ከኑብያ ድንጋይ ሊመጡ ይችላሉ። ከፍታ መነሻው ባሕር ነው። የባሕሩ መካከለኛ ጠለል በወደብ ላይ በሚቆም መለኪያ ለዓመታት ተመዝግቦ ዜሮ ይባላል፤ ከዚያ ሌቭል የሚባለው መነጽርና ልኬት የተጻፈበት ዘንግ እየተቀባበሉ፣ እርምጃ በእርምጃ፣ በመኪና መንገድ ዳር እየተከሉት ወደ ደጋ ይወጣል። ሥራው አሰልቺ ነው። ቀኑን ሙሉ ተሠርቶ የሚጓዘው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ናስ ለእይታ እንጂ ለዘንግ ስለማይመች ከፍታው በቴዎዶላይት ማዕዘን ተሰልቶ የተገኘ ነው፤ የመንገድ ዳሩ የከፍታ ምልክት፣ ቤንችማርክ፣ ደግሞ ኬክሮሱ በውል አይታወቅም። አንዱ ምልክት የት እንዳለ ያውቃል፣ ሌላው ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቃል። ሁለቱን በአንድ ናስ ላይ ማገናኘት ሌላ ሠላሳ ዓመት ጠበቀ።

በመሐሉ አዲስ አበባ የራሷን ታዛቢ ጣቢያ አገኘች። በ1957፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲመጣ፣ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ካህን በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ አቋቋሙ። አባ ጉዋን በኋላ የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከዜና መዋዕልና ከመሣሪያ መዝገብ አሰባስበው በ1979 አሳትመዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ) ላይ የስሚዝሶኒያን የሥነ ፈለክ ታዛቢ አንድ ግዙፍ ካሜራ ተከለ፤ ሥራው ሌሊት ሰው ሠራሽ ሳተላይቶችን ከከዋክብት ጋር ፎቶ ማንሣት ነበር። የሳተላይቱን መንገድ አስልቶ የካሜራውን ቦታ ማወቅ ይቻላል። ቢሾፍቱ ከሰማይ በመጣ ልኬት የታወቀችው ገና ጂፒኤስ የሚል ቃል ሳይኖር ነው።

በዚያው ተቋም ድጋፍ ፖል ሞር የተባለ የሥነ ምድር ሊቅ በ1969 ወደ ስምጥ ሸለቆ ወረደ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ሸለቆው እየሰፋ ነው ከተባለ በዓመት ስንት? ከሸለቆው ወዲህና ወዲያ ምልክቶች ተክሎ በመሐላቸው ያለውን ርቀት በብርሃን ጨረር ለካ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደግሞ ለካ። የተገኘው ለውጥ ከመሣሪያው ስሕተት ብዙም አይበልጥም ነበር። ምድር የምትሄድበት ፍጥነት የሰው ጥፍር ከሚያድግበት ያነሰ ነውና፣ መልሱ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። አብዮቱ መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ ምልክቶቹ በየኮረብታው ቀሩ።

በየካቲት 1978 የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት ከካሊፎርኒያ ተወነጨፈ። ለጦር ኃይል የታሰበ ነበር፤ ቀያሾችና የምድር ሊቃውንት ግን የሬዲዮ ሞገዱን ራሱን ከቆጠሩት ሚሊሜትር እንደሚያወጣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሳዩ። ከዚህ በኋላ ሁለት ጫፎች መተያየት አላስፈለጋቸውም። ተራራ መውጣት ቀረ ማለት ይቻላል። ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ቁመት ከአንድ መሣሪያ፣ በአንድ ጊዜ መውጣት ጀመሩ።

ታዲያ መሣሪያው የሚለካው የምንን ቁመት ነው? ቀያሹ የሚፈልገው ከናሱ መሐል ያለችውን ነጥብ ነው። ሳተላይቱ ግን ናሱን አያየውም። ሞገዱ የሚደርሰው ከናሱ በላይ በሦስት እግር ወይም በዓምድ ላይ ከተቀመጠው አንቴና ነው። አንቴናው ውስጥም ሞገዱ «የሚያርፍበት» ቦታ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አይደለም፤ የኤሌክትሪክ መሐል ነው። ይህ መሐል ለመጀመሪያው ሞገድና ለሁለተኛው ሞገድ የተለያየ ነው፤ ሳተላይቱ ከአናት ሲሆንና ከአድማስ አጠገብ ሲሆንም ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ በመሐል አንድ የሚዳሰስ ቦታ መምረጥ ግድ ሆነ። በስምምነት የአንቴናው ግርጌ፣ ከማሰሪያው ብሎን ጋር የሚጋጠመው ጠፍጣፋ ገጽ፣ የአንቴናው ማመሳከሪያ ነጥብ ተባለ። ከናሱ እስከዚያ ገጽ ያለውን ቀያሹ በሜትር ይለካል። ከገጹ እስከማይታየው መሐል ያለውን ደግሞ ላቦራቶሪ ለእያንዳንዱ የአንቴና ዓይነት ለክቶ በሰንጠረዥ ያወጣል።

ሲናገሩት ቀላል ነው፤ ሜዳ ላይ ግን የስሕተት ሁሉ መግቢያ እዚህ ነው። አንቴናው በሦስት እግር ላይ ሲሆን ቀጥ ያለውን ቁመት በሜትር መለካት አይቻልም፤ እግሩና መያዣው መንገድ ይዘጋሉ። ስለዚህ ከናሱ እስከ አንቴናው ጠርዝ በአግድሞሽ ይለካና በፓይታጎረስ ይታረማል። አንዱ ቀያሽ አግድሞሹን ለክቶ «ቀጥ ያለ» ብሎ ይጽፋል። ሌላው እስከ ጠርዙ የላይኛው ገጽ ለክቶ የታችኛው ነው ይላል። ሦስተኛው 1.345ን 1.354 አድርጎ ይገለብጣል። ጥሩ ልማድ የያዙት ቡድኖች በሦስት ጎን ይለካሉ፤ ከዚያም በኢንች ደግመው ለክተው ሁለቱን ያስተያያሉ፤ በሁለት መለኪያ አንድ ዓይነት ስሕተት መሥራት ይከብዳልና። ይህ ሁሉ ጭንቀት የሚገባ ነው። አንቴናው ላይ የተሳሳተች እያንዳንዷ ሴንቲሜትር ሳትቀነስ ሳትጨመር ወደ ነጥቡ ከፍታ ትገባለች። ቁመት ደግሞ ቀድሞውኑ የጂፒኤስ ደካማ ጎን ነው፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን ናቸው፣ ከታች ያሉትን ምድር ትጋርዳቸዋለች፣ የአየሩ እርጥበትም ሞገዱን ያዘገያል።

በ1989 በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ሰው የሆነው ቬርነር ጉርትነር የተለያዩ ፋብሪካዎች መሣሪያዎች የሚግባቡበትን የፋይል ዓይነት፣ ራይኔክስን፣ አዘጋጀ። በፋይሉ ራስጌ ላይ አንዲት መስመር ለአንቴናው ተሰጠች። መስመሯ ሦስት ቁጥሮች ትይዛለች፤ ማመሳከሪያው ገጽ ከምልክቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደተዛወረ። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋታል። ከአንድ ሙሉ ሌሊት ልኬት ይልቅ ግን የዚያች መስመር ትክክለኛነት ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ከ1994 መጀመሪያ አንሥቶ ዓለም አቀፉ የጂፒኤስ አገልግሎት ቋሚ ጣቢያዎችን በአንድ ሥርዓት ማሰባሰብ ጀመረ። እዚህ ላይ ሦስት እግሩ ቀርቶ ዓምድ መጣ። አንቴናው ዓመቱን ሙሉ፣ ሌሊትና ቀን ከቦታው አይነሣም። ከመሬት ነጥሮ የሚመጣ ሞገድ እንዳያሳስተው ዙሪያውን በብረት ቀለበቶች የታጠረ አንቴና ተለመደ። ዓምዱ ራሱ እንዳይወዛወዝ ደግሞ በካሊፎርኒያ ፒንየን ፍላት ታዛቢ የተፈተነ ዘዴ ተስፋፋ፤ ከዐሥር ሜትር በላይ ጠልቀው የተቆፈሩ፣ ከላይ የተቆላለፉ የብረት እግሮች። ምክንያቱን የአዲስ አበባ ሰው ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያሻም፤ ዋልካ አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ሲሰነጠቅ የቤት ግድግዳ ምን እንደሚሆን ያየ ሰው ላይ ላዩን የተተከለ ዓምድ አያምንም። ከ2003 እስከ 2008 በምዕራብ አሜሪካ ከ1,000 በላይ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ሲተከሉ፣ ለብዙዎቹ ከምልክቱ እስከ አንቴናው ግርጌ ያለው ርቀት በመዝገብ 0.0083 ሜትር ተብሎ ተጻፈ። ስምንት ሚሊሜትር ከሦስት ዐሥረኛ፤ በአንቴናውና በምልክቱ መሐል የገባችው የብረት መያዣ ውፍረት ናት።

ቋሚ ጣቢያ ለስሕተትም ቋሚ መጠለያ ይሰጣል። ቁመቱ በመዝገብ ሦስት ሴንቲሜትር ተዛብቶ ከተጻፈ፣ ጣቢያው በየቀኑ የሚሰጠው ከፍታ በሦስት ሴንቲሜትር ተዛብቶ፣ ግን በፍጹም እርጋታ ይቀጥላል። ምድር ከፍ አለች ዝቅ አለች የሚለው ጥናት ላይ ምንም አያሳይም። አንድ ቀን አንቴናው ተበላሽቶ ሲቀየር፣ አዲሱም በትክክል ሲመዘገብ፣ ግራፉ ላይ ድንገት እመርታ ይታያል፤ ያኔ የምድር መንቀጥቀጥ ነው ወይስ የመዝገብ ሥራ የሚል ምርመራ ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው መዝገብ ነው።

ወደ ስምጥ ሸለቆ እንመለስ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ከ1992 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት፣ ሮጀር ቢልሃምና ባልደረቦቹ የሞርን አሮጌ ምልክቶች ፈልገው በላያቸው የጂፒኤስ አንቴና አቆሙ። ሦስት እግሩ የቆመው በ1969 በተተከለው በዚያው ነጥብ ላይ ስለሆነ በጨረር የተለካው ርቀትና ከሳተላይት የመጣው ርቀት ሊነጻጸሩ ቻሉ። መልሱ በ1999 ታተመ፤ የሰሜኑ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ይህን ቁጥር ያስገኘው አዲሱ ቴክኖሎጂ ብቻ አይደለም። በ28 ዓመት ውስጥ ያልተነቀሉት ምልክቶች ባይኖሩ ጂፒኤሱ ከዜሮ ይጀምር ነበር።

በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀናት ምድርን በራዳር ቃኘች። ለብዙ ዘመን በየመማሪያ መጽሐፉ 4,620 ሜትር የነበረው ራስ ዳሽን ከዚያ ወዲህ ባሉ ልኬቶች አጠረ፤ አሁን በብዛት የሚጻፈው 4,550 ነው፣ 4,533 የሚሉም አሉ። ተራራው አልተነካም። የተቀየረው መለኪያውና መነሻው ነው። እንዲያውም ሦስቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጎ ከየትኛው ጠለል፣ በየትኛው ምልክት ላይ ብሎ ሳይጠይቅ አንዱን የሚመርጥ ጸሐፊ እንደ ዳባዲ ቴርሞሜትር ነው፤ የነገረው ቁጥር አለ፣ የቆመበት ድንጋይ የለም።

መስከረም 2005 አፋር ላይ ምድር ራሷ መነሻዋን አናጋች። በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ቅልጥ አለት ወደ ስንጥቁ ገብቶ፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አንዳንዱን ቦታ እስከ 8 ሜትር ከፈለው። ስምጥ ሸለቆው በመቶዎች ዓመታት የሚጓዘውን በአንድ ክረምት ማለቂያ ተጓዘ። መጀመሪያ ያሳዩት የሳተላይት ራዳር ምስሎች ናቸው። ከዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎችና የውጭ ባልደረቦቻቸው ቋሚ የጂፒኤስ አንቴናዎችን በአፋር ሙቀት ውስጥ ተከሉ። ጣቢያዎቹ እስከ 2010 ድረስ ተከታትለው የመጡትን ከደርዘን ያላነሱ ተመሳሳይ ክፈታዎች መዘገቡ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለጎረቤት ሥራ «ቋሚ ነጥብ» ፍለጋ ወደ ናስ መሄድ አይቻልም፤ ናሱ ራሱ የሚለካው ነገር ሆኗል።

ቀጣዩ ለውጥ ማንም ሳይነካቸው ጣቢያዎችን ከፍና ዝቅ ያደረገ ነው። እስከዚያ ድረስ የአንቴናዎች ኤሌክትሪክ መሐል የሚለካው ከአንድ የተመረጠ አንቴና ጋር በማነጻጸር ነበር፤ የተመረጠው እንከን የለውም ተብሎ ታሰበ። ይህ ደግሞ እውነት አልነበረም። በጀርመን ሃኖቨር አንቴናውን በሮቦት ክንድ እያዘነበሉና እያዞሩ እያንዳንዱን ለብቻው የሚለኩበት ዘዴ ተሠራ። በኅዳር 2006 ዓለም አቀፉ አገልግሎት ወደዚህ ቀጥተኛ ልኬት ሲሻገር የጣቢያዎች የታተመ ከፍታ በሚሊሜትሮች፣ አልፎ አልፎም በሴንቲሜትር ተቀየረ። ብሎን አልተፈታም፣ መሬት አልተንቀሳቀሰችም።

በ2007 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው ጣቢያ የዓለም አቀፉ መረብ አባል ሆነ፤ የአባ ጉዋን ታዛቢ ወራሽ በሆነው ተቋም ነው የሚያዘው። እንደ ሌሎቹ ሁሉ መለያ ቁጥር ተሰጠው። በዚህ መለያ ውስጥ አንዲት የላቲን ፊደል አለች፤ «ኤም» ከሆነች ቁጥሩ የምልክቱ ነው፣ «ኤስ» ከሆነች የመሣሪያው። የአዲስ አበባው «ኤም» ነው። ይህ ምልክት በዓመት ሦስት ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል፤ የአፍሪካ ሰሌዳ ነው የሚወስደው። የዓባይ ቀያሾች ናሳቸውን ከተከሉ ወዲህ የአዲስ አበባ ምድር ወደ ሁለት ሜትር ተጉዟል ማለት ነው። ከዚህ ጋር በአዲንዳንና በጂፒኤስ መነሻ መካከል ከመቶ ሜትር የሚበልጥ ልዩነት አለ፤ ሁለቱን ካርታዎች ሳያመሳክር የደራረበ መሐንዲስ የአንዱን ቤት በጎረቤቱ ግቢ ያገኘዋል።

ከፍታውስ? ጂፒኤስ የሚሰጠው ቁመት ከባሕር አይነሣም። ከአንድ የተስተካከለ የሒሳብ እንቁላል ገጽ ነው የሚነሣው። ውሃ ይህን ገጽ አያውቀውም፤ ውሃ የሚፈሰው በስበት ነው። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው ልዩነት ከሕንድ ደቡብ 100 ሜትር ያህል ሲደርስ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ሜትሮች ነው። ጥቂት ይባል እንጂ ለቦይና ለግድብ ብዙ ነው። ስለዚህ በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ስበት የሚለካ መሣሪያ የጫነ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ መስመር በመስመር በረረ። ከዚያ መረጃ ጂፒኤስ የቆመበትን የማንኛውንም ነጥብ ቁመት ወደ ባሕር ጠለል መመለስ የሚያስችል ስሌት ተሠራ፤ ከወደብ ጀምሮ ዘንግ እየተከሉ መምጣት ሳያስፈልግ። ወደብ ለሌላት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በ2011 ሥራው የተጀመረው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የሙሉ ውሃው ከፍታ ከባሕር ጠለል 640 ሜትር ነው። ሐይቁ በዚህ ልክ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። በዚህ ስፋት ላይ አንድ ሜትር ስሕተት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሜትር ኩብ ውሃ ነውና፣ የ640ው መነሻ የቀያሽ ወግ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ግድቡ በመስከረም 2025 ተመረቀ። እንዲህ ያለ ክብደት ደግሞ የተኛበትን ምድር ይጫናል። በክረምት ዝናብ ብቻ እንኳ ጣቢያዎች በሚሊሜትር ዝቅ ብለው በበጋ ይመለሳሉ፤ በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ የማመሳከሪያ ሥርዓት ለዚህ ሲባል የጣቢያዎችን ዓመታዊ ውጣ ውረድ ራሱን የቁጥሩ አካል አድርጎታል።

ግድቡ ከመመረቁ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2024፣ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ለወራት ቀጠለ፤ ሕንፃዎች አዲስ አበባ ድረስ ተወዛወዙ፣ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ከሥር የነበረው እንደ ዳባሁው ያለ የቅልጥ አለት ሽብልቅ ነው። ከራዳር ምስሎቹ እንደታየው ከሽብልቁ ጎንና ጎን ያለው ምድር ተገፍቶ ከፍ ሲል መሐሉ ሰምጧል። የጅቡቲ ባቡር፣ ዋናው መንገድና የከሰም ግድብ ያሉት በዚሁ ቀጠና ነው። በዚህ መስመር ላይ ከመተሐራ እስከ አዋሽ ያሉ አሮጌ ቤንችማርኮች ቁጥር ከ2024 በፊት የተለካ ከሆነ፣ ቀኑን ይዞ በመዝገብ ይቀመጣል እንጂ ለአዲስ ሥራ አይውልም። ናሱ በቦታው ቢኖርም እንኳ ከሽብልቁ ውጭ ካለ ቋሚ ጣቢያ ጋር በድጋሚ መተሳሰር፣ አንቴናውም ሲቆምበት በሦስት ጎን መለካት አለበት።